ስለ አልማዝና ስለ ወሎ ኦፓል
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ምሽት ስለ አልማዝ ማዕድንና ስለ ጌጣጌጥ ታሪክ እንድንናገር ማኅበሩ በጠየቀን ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ «የወረኢሉን ልጅና አልማዝን ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ መሣቃችሁ ከጆሯችን ደርሷል። አልተቀየምንም፤ መልስም አላጣንም። ወረኢሉ ውስጥ አልማዝ ሞልታለች። አንደኛዋ አክስታችን ናት፤ ሁለተኛዋ ከቤታችን ማዶ ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤታችን ናት፤ ሦስተኛዋም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራን የተማረችው ናት። ሴት ልጅ ስትወለድ አልማዝ፣ ዕንቁ፣ ሉል፣ ወርቅነሽ እያሉ ስም ማውጣት ባገራችን የቆየ ልማድ ነው። ስሙን ያወጡት ወላጆች ግን አልማዝ የተባለውን ድንጋይ አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩም። ክብሩን በዝና ሰምተው ተቀበሉት እንጂ።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከዚያው ከወሎ ምድር፣ ከደላንታ ገደል፣ የባሕር ማዶ ነጋዴ የሚሻማበት የከበረ ድንጋይ እየወጣ ነው፤ ስሙም ኦፓል ይባላል። እስከ ዛሬ ልጁን «ኦፓል» ብሎ የጠራ ወላጅ አልሰማንም። ያላየነውን እናከብራለን፤ ከእጃችን የገባውን በኪሎ እንሸጣለን። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ነው በፊታችሁ ለመመርመር የምንሞክረው። ለዚሁም አስቀድሞ አልማዙ የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

የኬሚስትሪ ትምህርት የተከታተላችሁ እንደምታውቁት አልማዝና የምድጃ ከሰል በመሠረቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሁለቱም ነገራቸው ካርቦን ነው። አልማዙ ግን ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ጥልቀት፣ በታላቅ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ ከተሠራ በኋላ በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ወደ ላይ የተተፋ ነው። እስከ 18ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ለዓለም ገበያ አልማዝ የምታቀርበው ህንድ ነበረች ለማለት ይቻላል። ከ1720ዎቹ ወዲህ ብራዚል ተጨመረች። በዚያ ዘመን ድንጋዩ በእውነት ብርቅ ስለ ነበረ የነገሥታትና የመሳፍንት ጌጥ ሆኖ ኖረ።

ነገሩ የተለወጠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ነው። በደቡብ አፍሪካ በኦሬንጅ ወንዝ አጠገብ የአንድ ገበሬ ልጅ ያነሣው ጠጠር በተመረመረ ጊዜ ከ21 ካራት በላይ የሚመዝን አልማዝ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ኪምበርሌይ በተባለው ስፍራ ብዙ ሺህ ቆፋሪ ተሰብስቦ አንድን ኮረብታ በዶማና በአካፋ እየናደ ወደ 240 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድ አደረገው። የጉድጓዱ ሥራ የቆመው በ1914 ነው፤ አፉን እንደ ከፈተ ዛሬም ይታያል። በመጀመሪያ ጥቁሩም ነጩም በየድርሻው ይቆፍር ነበር። ቆይቶ ግን ነጮቹ ቆፋሪዎች ጥቁሩ የራሱ ድርሻ ባለቤት እንዳይሆን ተነሡበትና የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ከ1880ዎቹ ጀምሮም በአጥር በተከበበ ሰፈር ተዘግቶ እንዲኖር፣ ውሉን ጨርሶ ሲወጣ ድንጋይ ደብቆ እንደ ሆነ ገላው ሳይቀር እንዲፈተሽ ተደረገ። የተበታተነውን ድርሻ ሁሉ እየጠቀለለ በ1888 ዴ ቢርስ የተባለውን ታላቅ ኩባንያ ያቆመው ሴሲል ሮድስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ያ ወራት ባገራችን «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብ የገባበት መሆኑን መንገዳችንን ሳንለቅ እናስታውሳችኋለን።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ደቡብ አፍሪካ ያን ያህል ድንጋይ ስታወጣ አልማዝ እንደ ድሮው ብርቅ መሆኑ ቀረ። ብርቅ ያልሆነ ነገር ደግሞ ዋጋው ይወድቃል፤ ይህን ለመረዳት የኤኮኖሚክስ መምህራችንን ማስቸገር አያስፈልግም፤ በመስከረም የእሸት በቆሎ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ኩባንያው ያገኘው ዘዴ ድንጋዩን በመጋዘን እያከማቸ ገበያው የሚችለውን ያህል ብቻ መልቀቅ ነበረ። ይህም ብቻውን አልበቃም፤ ሰው ሁሉ አልማዝን እንዲመኝ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በአሜሪካ የማስታወቂያ ሰዎችን ቀጥሮ፣ በ1947 አልማዝ ዘላለማዊ ነው የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ተጻፈች። ከዚያ ወዲያ በአሜሪካና በሌላውም አገር አንድ ጎልማሳ ለሚያጫት ልጅ የአልማዝ ቀለበት ካላጠለቀላት ፍቅሩ የሚጠረጠርበት ጊዜ መጣ። ይህ ልማድ ከአዳም ጀምሮ የነበረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከጥንት በነገሥታት ዘንድ ቢታይም የብዙኃን ልማድ የሆነው ግን በማስታወቂያ ብርታት ነው።

የቁፋሮው አገርና የመቁረጫው አገር የተለያዩ መሆናቸውንም ልብ በሉ። ኩሊናን የሚባለው ዓለም ካየው፣ ለጌጥ ከሚሆነው የአልማዝ ድንጋይ ሁሉ እጅግ ትልቁ ሆኖ በ1905 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘ፤ ክብደቱ 3,106 ካራት፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ በላይ ነበር። በ1908 አምስተርዳም ተወስዶ ተቆረጠና ትልልቆቹ ክፍሎች በእንግሊዝ ንጉሥ በትረ መንግሥትና ዘውድ ላይ ተሰኩ። አምስተርዳምና አንትወርፕ አንዲት የአልማዝ ጉድጓድ የላቸውም። ዛሬም ከዓለም አልማዝ አብዛኛው የሚቆረጠው በህንድ፣ ሱራት በምትባለው ከተማ ነው፤ ህንድ የራሷ ጥንታዊ ጉድጓድ ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እጅዋ ግን አልደረቀም።

አፍሪካውያን ሁሉ በዚህ ንግድ ተመልካች ሆነው ቀሩ ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል። ቦትስዋና በ1966 ነጻነቷን ባገኘች በዓመቱ ኦራፓ በተባለው ስፍራ አልማዝ ተገኘ። መንግሥቷ በጉዳዩ ተደራድሮ፣ ቆይቶም እንደገና ተደራድሮ፣ በማዕድኑ ኩባንያ ውስጥ ግማሹን ድርሻ ያዘ። በመጨረሻም ዴ ቢርስ ሻካራውን ድንጋይ መሸጫውን ከለንደን አንሥቶ በ2013 ወደ ጋቦሮኒ እንዲያዛውር አስገደደው። ጋቦሮኒ ውስጥ የመቁረጫ ቤቶች ቆሙ። በሌላው ወገን በሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 የቆየውን ጦርነት የአልማዝ ገንዘብ እንዴት እንዳቀጣጠለው ታውቃላችሁ። በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሌይ ውል፣ ሻካራ አልማዝ የጦርነት መግዣ አለመሆኑ በምስክር ወረቀት እየታወቀ ብቻ ከአገር አገር እንዲያልፍ የሚያዝዘው ስምምነት፣ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ውሉ የሚመለከተው አልማዝን ብቻ ነው፤ ኦፓል ምስክር ወረቀት አይጠየቅበትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ወረኢሉ ንጉሥ ምኒልክ ከተማ ያደረጓት፣ ንግሥት ዘውዲቱ የተወለዱባት፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የሚዘምተው ሠራዊት እንዲከትባት የታዘዘባት ስፍራ ናት። ቤተ መንግሥት በነበረበት አገር አንጥረኛ አይጠፋም። አያቶቻችን ጌጥ የሚያሠሩት ከማርትሬዛ ብር ነበር፤ ይኸውም 1780 የሚል ዓመት ታትሞበት ከኦስትሪያ የሚመጣው፣ ክብደቱ 28 ግራም የሆነው ብር ነው። አንጥረኛው ብሩን አቅልጦ ለክርስቲያኗ የአንገት መስቀል፣ ለእስላሟ የክታብ መያዣ፣ ለሁለቱም ጉትቻና አልቦ ይሠራላቸዋል። በወሎ ያደጋችሁ እንደምታውቁት የሁለቱ ጌጥ ካንድ ወናፍ ይወጣ ነበር። ጌጡ ለማማር ብቻ አልነበረም፤ የሴቲቱ ባንክ ነበረ። ክፉ ዘመን ሲመጣ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ደግ ዘመን ሲመለስ ይገዛል።

ጌጡን እንዲህ እያከበርን ጌጥ ሠሪውን ግን ምን እንለው ነበር? ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ዓይነ ክፉ። አብሮት የማይበላ፣ ልጁን የማይድርለት ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ከምላሳችን ላይ ጥቂት አነሣ እንጂ ከልባችን አልገባም። ከእኛ ከራሳችን መካከል አባቱ አንጥረኛ መሆኑን በአንደኛ ዓመት የደበቀ፣ በሦስተኛ ዓመት የነገረን ጓደኛ አለን። ወናፉ በልጁ እጅ አልተተካም፤ አባትዮውም እንዳይተካ ፈለጉ። ሰው ልጁ እንዲሰደብ አይፈልግም።

የጌጥ ነገር ከተነሣ መቅደላን ሳንጠቅስ ማለፍ ያስቸግረናል። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ከተዘረፈው መካከል የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅም ቀሚስና የአንገትና የእጅ ጌጥ ዛሬ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2010 ዓ.ም. መቶ ኀምሳኛው ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይተዋል። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን ግን መንገዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የወጡት በደላንታ አምባ ላይ መንገድ አስጠርገው ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያም መድፍ ያለፈበት አምባ ከጫፉ ወረድ ብሎ በገደሉ ውስጥ ምን እንደ ያዘ አንድም ሰው አላወቀም።

የያዘውም ይህ ነው። ወገልጤና በምትባለው የደላንታ ከተማ አቅራቢያ፣ ከአምባው አፍ ወደ 350 ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድና ፍም በተሠራው ዐለት መካከል፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ንጣፍ አለ። ዐለቱ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ውሃ በአመዱ ውስጥ እየሰረገ የሟሟውን ሲሊካ በየስንጥቁ አስቀመጠ፤ እርሱም ረግቶ ኦፓል ሆነ። አልማዝ የእሳትና የግፊት ልጅ ሲሆን ኦፓል የውሃ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬም በውስጡ ውሃ አለ። በብርሃን ፊት ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚረጨው ቀለም ነክቶት አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃኑን ስለሚከፋፍሉት ነው፤ ይህንንም በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ያስታወቁት የአውስትራልያ ሊቃውንት ናቸው።

ከደላንታው በፊት በ1980ዎቹ አጋማሽ በመንዝ፣ መዘዞ አጠገብ ቡናማ ኦፓል ተገኝቶ ነበር። ከዚያ የወጣው ድንጋይ ብዙው ከተቆረጠ በኋላ እየተሰነጠቀ ነጋዴን ስላሳፈረ የኢትዮጵያ ኦፓል ስሙ ተበላሽቶ ቆየ። የወገልጤናው ግን ሌላ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥናቱን ያወጡት የፈረንጅ ሊቃውንት ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ በሲሚንቶ ወለል ላይ ጥለውት ጉዳት አላገኙበትም። ሁለተኛው ጠባዩ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ውሃውን ይጠጣና እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ቀለሙም የጠፋ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ ጠባይ ግን ለተንኮልም በር ከፍቷል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምና ጭስም ይጠጣል። ባሕር ማዶ ያሉ ነጋዴዎች የእኛን ነጭ ድንጋይ በጭስ አጥነው የተወደደውን ጥቁር ኦፓል አስመስለው ይሸጡታል። በጭስ ቤት ያደግን ልጆች ጭስ ይህን ያህል እንደሚያወጣ አላወቅንም ነበር!

አሁን ዋጋውን እንመልከት። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው፤ አንድ ኪሎ እንግዲህ 5,000 ካራት ማለት ነው። የደላንታው ቆፋሪ ለደላላ የሚሸጠው በኪሎና በግራም ነው። ድንጋዩ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ አልፎ ህንድ ጃይፑር ከደረሰ በኋላ ተቆርጦ፣ ተወልውሎ በካራት ይሸጣል። ሲቆረጥ ብዙው ክፍል እንደሚባክን እናውቃለን፤ ቆራጩም የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል፤ አንከራከርም። ነገር ግን በኪሎ የሸጠና በካራት የሸጠ እኩል ነጋዴ አይደለም። ከኪሎ ወደ ካራት የሚያሻግረው ድልድይ አንዲት የምትሽከረከር የመሳያ ድንጋይና የሠለጠነ እጅ ነው። የኦፓል ጥንካሬ ከአልማዝ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ለመቁረጥ የአንትወርፕን ያህል ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ታዲያ ለምን ወሎ ውስጥ ቆራጭ እንደ ልብ አልበቀለም? ካፒታል የለም ይሉናል፤ እውነት ነው። መብራት ይጠፋል ይሉናል፤ ይህም እውነት ነው። እኛ ግን በእጁ የሚሠራውን ሰው ስንንቅ መኖራችንንም ከምክንያቶቹ እንቆጥራለን። አንጥረኛውን ባናሳፍረው ኖሮ ኦፓሉ በወጣበት ቀን ብር የሚያቀልጠው እጅ ድንጋይም ለመሳል በተዘረጋ ነበር። በዚህ አሳብ የማትስማሙ ብትኖሩ ከንግግሩ በኋላ ለመከራከር ዝግጁ ነን።

መንግሥትም ሻካራው ድንጋይ ሳይቆረጥ ከአገር እንዳይወጣ ለማገድ ሞክሯል። አሳቡ፣ ድንጋዩ ባገር ውስጥ ይቆረጥ ማለቱ፣ የቦትስዋናም አሳብ ነው፤ መልካም ነው። ሆኖም ቦትስዋና የመቁረጫ ቤት አቁማለች። ቆራጭ በሌለበት አገር ክልከላ ብቻውን ሲመጣ በር ይዘጋና ኮንትሮባንድ በመስኮት ይገባል፤ ዋጋውም የሚሰበረው በመጀመሪያ በቆፋሪው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የዕለት እህል የሚገዛበት ገንዘብ ስለሚፈልግ ድንጋዩን ይዞ ሊቆይ አይችልም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 በባህላዊ መንገድ የማምረቱን ፈቃድ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሰጥቷል። መብቱ በወረቀት የእኛ ነው ማለት ነው።

ስለ ሥራው አደጋ የምንናገረው ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀናል። ንጣፉ ቀጭን ስለ ሆነ ቆፋሪው የሚከተለው ወደ ጎን ነው፤ ገደሉን ፈልፍሎ፣ ተንበርክኮ፣ አንዳንዴም በደረቱ እየተሳበ ይገባል። ላዩ ላይ የተቆለለው 350 ሜትር ዐለት ነው። ብዙው ዋሻ የእንጨት ድጋፍ የለውም፤ የማዕድን መሐንዲስም አላየውም። ክረምት ሲገባ ዐለቱ ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎች በውስጥ እንደ ተዘጋባቸው በዜና የሰማን ጊዜ ከእኛ መካከል ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲደውል ያደረ ነበር፤ ምክንያቱም ደላንታ የሚሄደው የደላንታ ልጅ ብቻ አይደለም። ከወረኢሉም ከመካነ ሰላምም ከለጋምቦም አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ፈተናው ያልቀናው፣ መሬቱም ለወንድሞቹ ያልበቃው ይሄዳል። አንዱ ወደ ዐረብ አገር፣ ሌላው ወደ ኦፓል ገደል። እናቱ ስትጠየቅ «ሥራ ሄዷል» ትላለች፤ የትኛውን ሥራ እንደ ሆነ አትናገርም።

በየገደሉ ያለው የወረኢሉና የቦረና ዐለትም ከደላንታው ጋራ ያንድ ዘመን እሳተ ገሞራ ልጅ ስለ ሆነ፣ እዚያም ይገኛል እያሉ በየሸለቆው ዶማ ይዘው የሚወርዱ ጀምረዋል። ዐለቱ ዘመድ መሆኑ ኦፓል አለበት ማለት አይደለም። የጂኦሎጂ ተማሪዎች ይህን ባገር ቋንቋ ለገበሬው ቢያስረዱ አንድ ሰው ባጕል ጉድጓድ ከመሞት ይድን ነበር።

እንዲህም ስንል የአልማዝ ታሪክ ሁሉ ይደገም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። የአልማዙ ጌታ ራሱ ዛሬ ተቸግሯል። በላቦራቶሪ የሚሠራው አልማዝ ረክሶ ገበያውን ስላጥለቀለቀው ባለፉት ጥቂት ዓመታት የድንጋዩ ዋጋ ወድቆ የቦትስዋና መንግሥት ገቢ ተናግቷል። ኦፓልም በፋብሪካ መሠራት ከጀመረ ኀምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚህ ጊዜው የተከፈተ ሆኖ አይጠብቀንም፤ ንጣፉም ቢሆን መጨረሻ አለው።

ከማኅበራችን የምንጠይቀው ሦስት ትንንሽ ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠው ሞተር አንዱ የድንጋይ መሳያ ተገጥሞለት ፈቃደኞች ማታ ማታ እንዲለማመዱበት መምህራኖቻችን እንዲፈቅዱልን ነው። ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች አዋጁን በቀላል አማርኛ ጽፈው በሁለት ገጽ እንዲያባዙልን ነው፤ ስቴንስሉን እኛ እንመታለን። ሦስተኛ፣ ከወረኢሉ ሽማግሌ አንጥረኛ አንድ ሰው እዚህ መድረክ ላይ ተጠርተው እኛ ቁጭ ብለን እርሳቸው እንዲያስተምሩን ነው። ይህን ሦስተኛውን የምንጠይቀው ለአክብሮት ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ፈርጥ በብር ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ከመካከላችን የሚያውቅ ስለ ሌለ ነው።

ለክረምቱ ዕረፍት ወደ አገር ስንመለስ ስድስታችን በደላንታ በኩል ለማለፍ አስበናል። ዋሻው አፍ ላይ ቆፋሪው ስንት እንደ ሸጠ፣ ወገልጤና ደላላው ስንት እንደ ገዛ፣ ደሴ ስንት እንደ ተባለ፣ አዲስ አበባ በጌጣጌጥ ሱቅ መስታወት ውስጥ ያው ዓይነት ድንጋይ ስንት ተጽፎበት እንደሚታይ በደብተር መዝግበን በመስከረም እትም እናወጣዋለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ፣ ይልቁንም የጂኦሎጂ ወይም የኤኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ፣ ስሙን እስከ ግንቦት መጨረሻ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።